የሦስተኛው ፎቅ መሐንዲሶች

ጋሽ ብሎን ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር የሚግባባ ሰው ነበር። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። «ማሽን ሲታመም የታመመበትን አይደብቅም» ይል ነበር። «ሰው ግን ሆዱን እያመመው ራሴን ነው ይልሃል።»

እኔ በዚያ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ፣ የእሱ ጥገና ክፍል ከእኛ አጠገብ፣ ምድር ቤቱ ኮሪደር ጫፍ ላይ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ረጅም የሥራ ጠረጴዛ፣ በጣሳ በጣሳ የተለየ ብሎንና ዳዶ፣ ግድግዳው ላይ በየቁመታቸው የተሰቀሉ መፍቻዎች። አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም ጣሪያው ሥር ስለሆነች የምታሳየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ጋሽ ብሎን የሆስፒታሉን ሠራተኛ በሙሉ በጫማው ያውቀዋል። ፊት ለፊት ሲያገኝህ ስምህ ቢጠፋበትም «ተረከዝህን አስጠገንከው አይደል?» ብሎ ያስደነግጥሃል።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው፤ በሄደበት ሁሉ ከጋዋኑ ኪስ ብሎን ይንጠባጠባል። አልተቀየመም። ሙያውን የተማረው በልጅነቱ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ይጠግን ከነበረ አጎቱ ዘንድ ነው። ሚስቱንም ያገኘው እዚያው ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኗን አስጠግና ወሰደች፣ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ሲከፍተው አንዲት ብሎን በእጅ ከመላላቷ በቀር ምንም አልሆነም። «ማን አላላት?» ቢላት «እኔ ምን አውቄ፣ ባለሙያው አንተ» አለችው። ይኸው ሁለት ሴት ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ካበቁም በኋላ ያቺን ብሎን ማን እንዳላላት አላመነችም።

የምነግራችሁ ነገር የጀመረው ጋሽ ብሎን ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላው ነው። አንድ ጠዋት የልጆች ክፍል ኃላፊ የሆነችው ሲስተር የአስም ማሽን ታቅፋ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ማሽኑ የጫማ ካርቶን ያህላል። ውስጡ ያለው ሞተር አየር ይገፋል፣ አየሩ በቱቦ ሄዶ ፈሳሹን መድኃኒት ወደ ጭጋግ ይለውጠዋል፣ የታመመው ልጅ ያንን ጭጋግ በጭንብል ይተነፍሰዋል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። በአንድ ወር ውስጥ አራት ጭንብል ተቀዷል፤ ሁለት ቱቦ ከሥሩ ተነቅሏል።

ጋሽ ብሎን ከፈተው፣ ለካው፣ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠው።

«ሲስተር፣ ይሄ ማሽን ከእኔና ካንቺ የተሻለ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ የተበላሹት ልጆቹ ናቸው?» አለች ሲስተር። እየቀለደች አልነበረም። «እስቲ ውጣና በዓይንህ እይ።»

ተከትሏት ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። እዚያ ያየውን በኋላ ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አልጋ ላይ ተይዛለች። እናቷ እግሯን፣ አንዲት ነርስ እጆቿን፣ ሌላዋ ራሷን ይዘዋል፤ ሲስተር ጭንብሉን አጥብቃ ያዘችላት። ማሽኑ «ግርርር» ይላል፣ ልጅቷ ትጮሃለች፣ በጮኸች ቁጥር ደግሞ ትንፋሿ ይባስ ያጥራል። ልጅቷን ነርሶቹ አለቂት ይሏታል፤ ደህና ስትሆን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ማን የት እንደሚተኛ የምትመድበው እሷ ስለሆነች ነው። ያኔ ግን አለቅነቷ ሁሉ ጠፍቶ ላብ በላብ ሆናለች።

አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ዓይኗን ጠራርጋ ጋሽ ብሎንን አየችው።

«ይሄን ነገር የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም የኔ ልጅ፤ እኔ ሲበላሽ የምጠግነው ነኝ።»

«አትጠግነው» አለችው።

ይህቺ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ቀረች። በሥራ ዘመኑ ፍጠን ያለው፣ ዘገየህ ያለው፣ የተቆጣው ሞልቷል፤ አትጠግን ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ለማሽኑ ከቀጭን ላሜራ ቢጫ ሽፋን ሠራለት። ዳክዬ አስመሰለው፤ ምንቃር አወጣለት፣ ዓይን ሣለለት፣ ጭራውን ሁሉ ወደ ላይ ቆልመም አደረገው። እኛ ካርድ ክፍል ይዞት መጥቶ ሲያሳየን አጨበጨብንለት። በእውነት ያምር ነበር። ደረቱን ነፍቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።

ሲስተር ማብሪያውን ስትጫን ሞተሩ እንደ ልማዱ ማጓራት ጀመረ፤ ላሜራው ደግሞ አብሮ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን እጥፍ አደረገው። አለቂት ከአልጋው ጥግ ተሸጉጣ «ዳክዬዋ አብዳለች!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ የተኛው ልጅ ተቀበላት፣ ከወዲያኛው አልጋ ሌላው ቀጠለ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ ለቅሶ በለቅሶ ሆነ። ጋሽ ብሎን ዳክዬውን በጋዋኑ ጠቅልሎ በደረጃው ወረደ። ሊፍት ለመጠበቅ እንኳ ፊት አጣ።

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ከጉልበቷ ላይ ቀሚስ ዘርግታ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ትሰማዋለች።

«ዳክዬዋ ቆንጆ አልነበረችም?» አላት።

«ቆንጆ ነበረች። ግን ማንን ለክተህ ነው የሠራሃት?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«እኔ ለሰው ልብስ ስሰፋ መጀመሪያ እለካዋለሁ። ብብቱ ላይ ይጠብህ እንደሆን፣ ትከሻው ላይ ይይዝህ እንደሆን እጠይቀዋለሁ። አንተ ልጆቹን አንድ ቀን ጠይቀሃቸዋል?»

«ኧረ ሴትዮ፣ ልጅቷ እኮ ስድስት ዓመቷ ነው!»

«ታዲያ የስድስት ዓመት ልጅ ትከሻ የላትም?»

በማግስቱ ሲስተርን ለምኖ የረቡዕ ከሰዓትን ፈቃድ አገኘ። ሲስተር ሕመማቸው የሚመላለስባቸውን፣ ያን ቀን ግን ደህና የሆኑ ሦስት ልጆች ሰጠችው። አንደኛዋ አለቂት ናት። ሁለተኛው ሰባት ዓመቱ ነው፤ «ለምን?» ከአፉ ስለማይጠፋ ስሙ ራሱ ለምን ሆኖ ቀርቷል። ሦስተኛው የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ ከሆስፒታል ሰው ጋር አንድ ቃል ተናግሮ ስለማያውቅ ጭምቱ ይሉታል። መሰብሰቢያቸው በክፍሉ ጥግ መስኮቱ ሥር የተነጠፈ ምንጣፍ ሆነ።

የመጀመሪያው ረቡዕ መና ቀረ። ጋሽ ብሎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ደብተሩን ከፍቶ ቀኑን ጻፈ።

«እሺ ልጆች፣ ይሄ ማሽን ምን ቢሆን ደስ ይላችኋል?»

«ቢጠፋ» አለች አለቂት።

«ውሻ» አለ ለምን።

«ማሽኑ ውሻ ይምሰል?»

«አይ፣ ለእኔ ውሻ ይሰጠኝ።»

ጭምቱ ወንበሩ ሥር ገብቶ የጋሽ ብሎንን ጫማ ማሰሪያ ፈታ። ደብተሩ ላይ ከቀኑ በቀር ምንም ሳይጻፍ ተዘጋ።

በሁለተኛው ረቡዕ ወንበሩንም ደብተሩንም ትቶ መጣ። ያመጣው አንድ የሞተ አሮጌ ማሽንና ሦስት ትንንሽ ብሎን መፍቻ ነው። ምንጣፉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ዛሬ ይሄን እንፈታዋለን። እኔ ብቻዬን አልችልም።»

«ለምን?»

«ጣቴን አየኸው? ወፍራም ነው። ከውስጥ ያለችውን ትንሿን ብሎን አይዛትም።»

ውሸቱን አልነበረም፤ ምድር ቤት ያቺን ብሎን የሚይዛት በጉጠት ነው። ሦስቱም ተንበረከኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈቱ፤ አንድ ብሎን ጠፍቶ ምንጣፉን ገለበጡ፣ ጭምቱ ካልሲ ውስጥ ተገኘ። በመጨረሻ ሽፋኑ ሲነሳ ከእንቁላል ብዙም የማትበልጥ ሞተር ወጣች። አለቂት መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት።

«የምትጮኸው ይቺ ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ትንሽዬ እኮ ናት!» አለች፤ በንቀት ሳይሆን አንጀቷን በልታት።

«ለምን ትጮሃለች?» አለ ለምን።

«ይደክማታላ። መድኃኒቱን ለእናንተ ለማድረስ ትሮጣለች። አንተስ ስትሮጥ ታለከልክ የለ?»

ያን ጊዜ ጭምቱ ብድግ አለ። አልጋው ድረስ ሄዶ ብርድ ልብሱን እየጎተተ አመጣ። ሞተሯን ሸፈናት፤ ከዚያ በትንሿ እጁ ከላይ መታ መታ እያደረገ ያስተኛት ጀመር። ጋሽ ብሎን ይህን ሲነግረኝ «ያን ሁሉ ዘመን ማሽን ጠግኛለሁ፤ ማሽን እሹሩሩ ሲባል ግን አይቼ አላውቅም» አለኝ። ወዲያው ግን ሐሳቡ ገባው። ልጆቹን የሚያስፈራቸው ጭንብሉ ወይም መልኩ አልነበረም፤ ጩኸቱ ነው። ሞተሯ መኝታ ያስፈልጋታል።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ምንጣፉ ላይ የማይኖር ዕቃ የለም። የባዶ መድኃኒት ካርቶን፣ ሙጫ፣ የተረፈ ቱቦ፣ ሚስቱ ያጠራቀመችው ቁርጥራጭ ጨርቅ። ልጆቹ ለሞተሯ ቤት በካርቶን ይሠራሉ፣ ጋሽ ብሎን ምድር ቤት ወርዶ በእንጨት ያወጣዋል፣ ደግሞ መልሶ ያሳያቸዋል። ለምን የሚባለው ልጅ ማሽኑ ከአልጋው ራቅ እንዲል ፈለገ፤ «ወዲያ ሆኖ ይጩህ» አለ። ቱቦው ሲረዝም የአየሩ ጉልበት ስለሚደክም ጋሽ ብሎን ወፈር ያለ ቱቦ ፈልጎ፣ በግፊት መለኪያ እየፈተሸ ሦስት ሜትር አደረሰው።

አንድ ቀን ዶክተሩ በዚያ ሲያልፍ አያቸው። የልጆች ክፍል ሐኪም ነው፤ ወጣት፣ ጥሩ ሰው፣ ግን ሁሌም የሚቸኩል። የጋሽ ብሎን ጆሮ ላይ ሙጫ ተለጥፎ ሲያይ ሳቁ መጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ትልቅ ባለሙያ ነዎት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰሙም?»

ጋሽ ብሎን አፍሮ አንገቱን ሲደፋ ሲስተር ከወዲያ መለሰችለት፦ «እኛ ትልልቆቹ ያቦካነውስ መች ተበላ፣ ዶክተር?»

የመጀመሪያው የእንጨት ሣጥን ግን ጉድ ሠራው። ውስጡን በስፖንጅና በወፍራም ጨርቅ ስለለበጠው ድምፁ ጥፍት ብሎ ነበር፤ ነርሶቹ ሁሉ ተሰብስበው አደነቁ። በስምንተኛው ደቂቃ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተና ሞተሯ ቀጥ አለች። አለቂት ሣጥኑን በእጇ ነካችው።

«ይፋጃል! አፍናችኋት እኮ ነው!»

«ሁለት ቀዳዳ ትቼላት ነበር...» አለ ጋሽ ብሎን።

«ሁለት ምን ያደርግላታል? እሷም መተንፈስ አለባት። እኔ ደረቴ ሲጠበኝ ልክ እንደዚህ ነው የምሆነው፤ ሙቅ ብዬ ቀጥ።»

ሞተር አየር እንደሚፈልግ ለጋሽ ብሎን የሚነገረው አልነበረም፤ ያውቃል። ቀዳዳውን የሰሰተው ድምፁን ፈርቶ ነበር። እንደዚያ ሲባል ግን፣ ያውም ከእሷ አፍ፣ ወዲያው ሣጥኑን ከፈተው። ቀዳዳው ቢሰፋ ጩኸቱ ይወጣል፤ ቢጠብ ትታፈናለች። ምን ይሻላል ብለው ሲጨነቁ ለምን፣ ያ ጠያቂው፣ አፉን ከፈተ።

«መንገዱ ይጠማዘዝ። እኔ ኮሪደሩን ስታጠፍ እናቴ ስትጠራኝ አይሰማኝም።»

«ውሸታም፣ መስማት ስለማትፈልግ ነው» አለች አለቂት።

ጋሽ ብሎን ግን ያቺን ጠምዛዛ መንገድ ይዞ ወረደ። የሣጥኑን ጎን በቀጫጭን ጣውላ ከፋፍሎ፣ አየሩ አምስት ጊዜ እየታጠፈ እንዲገባና እንዲወጣ አደረገው። አየሩ ተጠማዝዞ ወጣ፤ ጩኸቱ ግን በየማጠፊያው ስፖንጁ ላይ እየተጋጨ መንገድ ላይ ቀረ። በአንድ ሰዓት ሙከራ ሞተሯ ለብ እንኳ አላለችም።

እሱ ጨረስኩ ብሎ ነበር። ልጆቹ ግን አልጨረሱም። አለቂት ጭንብሉን አድርጋ በጸጥታ ሁለት ደቂቃ ተቀመጠችና አወለቀችው።

«መቼ ያልቃል?»

«አሁን ያልቃል» አለች ሲስተር።

«ሁልጊዜ አሁን ያልቃል ትሉናላችሁ። አያልቅም።»

ሲስተርም ጋሽ ብሎንም ተያዩ። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ሰዓት ማንበብ ለማይችል ሰው አሥር ደቂቃ ምን ማለት ነው? እናም የሚታይ ነገር ይፈለግ ተባለ፤ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ሲደርስ ያልቃል የሚያሰኝ። ለምን «መኪና ይሁን» አለ። አለቂት ተቃወመች። «መኪና ይፈጥናላ። እንዲህ እየተንቀራፈፈ የሚሄድ መኪና የተበላሸ መኪና ነው።» ክርክሩ ሁለት ረቡዕ ፈጀ። በሦስተኛው ጭምቱ ከጭቃ ያድበለበላትን ነገር ጋሽ ብሎን ጭን ላይ አኖረ። ቀንድ አውጣ ናት፤ ቤቷን ተሸክማ፣ ሁለት ቀንድ ቀስራ። አለቂት አገላብጣ አየቻትና «እሷ ቀስ ብትል ውሸት አይሆንባትም፤ ፀባይዋ ነው» ብላ ፈረደች። ባለ መኪናው ለምንም እሺ አለ፤ ቤቷ ላይ የመኪና ታርጋ እንዲጻፍ ግን አስፈቀደ።

ጋሽ ብሎን ከተጣለ የግድግዳ ሰዓት ሞተር አወጣ። ጭምቱ የሠራትን መስሎ ቀንድ አውጣ ከእንጨት ቀረጸ፤ የሣጥኑ ክዳን ላይ ባለች ስንጥቅ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ከጫፍ ጫፍ እንድትሄድ አደረጋት። ልጆቹ ቀለም ቀቧት፤ በጭራሽ የማይጋጠም ቀለም።

ቀጥሎ አለቂት የመጨረሻውን ጥያቄ አመጣች። የሚጫኑት ቁልፍ ልጆቹ ጋ ይሁን። ማስጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ማቆሚያውም። «ሳል ሲመጣብኝ ‘ቆይ’ ማለት እፈልጋለሁ፤ በጭንብል ውስጥ ማንም አይሰማኝም።» ደግሞ «ስታቆም ቀንድ አውጣዋ ቤቷ ትግባ» አለች። ጋሽ ብሎን ይሄ እንኳ አይሆንም ሲላት «ሳትሞክር!» አለችው። በቀጭን ስፕሪንግ ሁለት ሳምንት ታግሎ፣ በረጅም ሽቦ አልጋው ድረስ የመጣው ቁልፍ ሲጫን ሞተሯ እንድትቆምና የቀንድ አውጣዋ ራስ ሸርተት ብሎ ቤቷ እንዲገባ አደረገ።

ሥራው አልቆ ለዶክተሩ ሲታይ፣ ሣጥኑን ወደደው፣ ቱቦውን ወደደው፣ በቀንድ አውጣዋ ከልቡ ሳቀ። ማቆሚያው ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ አይሆንም፣ ጋሼ። ልጅ መድኃኒቱን እየጀመረ ያቋርጠዋል። ቁልፉን ያውጡትና ሌላውን ሁሉ እፈርምልዎታለሁ።»

ጋሽ ብሎን ዶክተርን የሚሞግት ሰው አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ሄዶ ለልጆቹ ነገራቸው። ለምን «ለምን?» እያለ ጠየቀ፤ ጭምቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አለቂት አላለቀሰችም።

«ዶክተሩ ጭንብሉን አድርጎ ያውቃል?»

«እሱ አስም የለበትም እኮ።»

«ታዲያ አድርጎ ይየዋ። ንገረው።»

«እሺ እነግረዋለሁ» አለ፤ በሆዱ ግን እንደማይነግረው ያውቅ ነበር።

ያን ዕለት ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ምን እንደነካው አያውቅም፣ ለትልቋ ልጁ ስልክ ደወለላት። እሷ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

«ልጅ ሳለሽ ጓሮ የሠራሁልሽ ዥዋዥዌ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት ይረሳኛል፣ አባዬ።»

«ትወጂው ነበር?»

«እውነቱን ልንገርህ?» አለችው። «በጣም ያስፈራኝ ነበር። ከፍ ያለ ነበር፤ እግሬ መሬት አይደርስም።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ። ደግሞስ አልጠየቅከኝም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እሱ ግን ስልኩን ዘግቶ መንገድ ዳር ጥቂት ቆመ። በማግስቱ ጠዋት ጋዋኑን ቆልፎ፣ በኪሱ ያሉትን ብሎኖች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ አራግፎ፣ የዶክተሩን በር አንኳኳ።

«ዶክተር፣ ልጆቹ አንድ ጥያቄ አላቸው። እርስዎ አንድ ጊዜ እንዲሞክሩት ይፈልጋሉ። አሥር ደቂቃ። ማቆሚያውን ሳይነኩ።»

ዶክተሩ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎት ነበር። የጋሽ ብሎንን ፊት ሲያይ ግን ሰዓቱን ተመለከተና «ይሁን፣ ከምሳ በኋላ» አለ።

ያን ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያልወጣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ካርዶቼን ለጓደኛዬ ጥዬ ወጣሁ። ዶክተሩ የልጆች አልጋ ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሲስተር በመድኃኒቱ ፋንታ ንጹሕ የጨው ውሃ ሞላች። ጭምቱ ብርድ ልብሱን አምጥቶ ጭኑ ላይ ጣለለት። አለቂት ትእዛዝ ሰጠች፦ «እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ። ቁልፏን እንዳትነካ።» አስጀመረችው። ሞተሯ ከሩቅ እንደ ንብ እምም አለች፤ ቀንድ አውጣዋ ጉዞዋን ጀመረች።

አንድ ደቂቃ ደህና ነበር። ሁለት ደቂቃ፤ ዶክተሩ በዓይኑ ይስቃል። በሦስተኛው ሳቁ ቀረ። ጭጋጉ መነጽሩን አለበሰው። አፍንጫውን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ትከሻውን ነቀነቀ። ቀንድ አውጣዋን አየ፤ መንገዷን ገና አላጋመሰችም። ከዚያ እጁ ሳያስበው ብድግ አለና ቁልፏን ተጫነ። የቀንድ አውጣዋ ራስ ሸርተት ብሎ ቤቷ ገባ።

«ለምን አቆምከው?» አለ ለምን።

ዶክተሩ ጭንብሉን አውልቆ አፍንጫውን በሁለት እጁ ሲያክ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «በላኝ! አፍንጫዬን በላኝ!»

«እኛንም ይበላናል» አለች አለቂት።

ሳቁን ቀስ ብሎ አቆመ። ከዚያ እንደ እኩያው ወደ ልጅቷ ዞረ።

«እሺ። ግን ቆማ እንዳትቀር። ካቆማችኋት እስከ ሠላሳ ተቆጥሮ ራሷ ትነሳ። ደግሞ ከሁለት ጊዜ በላይ አይቻልም።»

«ሦስት።»

«ሁለት።»

«አንተ በአራት ደቂቃ ነው ያቆምከው። ሦስት።»

ሦስት ሆነ።

በዓመቱ ውስጥ ክፍሉ ሰባት እንዲህ ያለ ሣጥን ነበረው። ሁሉም ልጅ ወደደው ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሚያለቅስ አሁንም ያለቅሳል። ግን አንድን ሕፃን ሦስትና አራት ሰው ሆኖ መያዝ ቀረ። ሲስተር እንደነገረችኝ አብዛኞቹ ልጆች ማቆሚያዋን አንድ ጊዜ እንኳ አይጫኗትም፤ መኖሯን ካወቁ ይበቃቸዋል። ጋሽ ብሎን የዕቃ መመዝገቢያ ቅጹን ሲሞላ «ሠሪ» በሚለው ቦታ ላይ የሦስቱን ልጆች ስም ከነዕድሜያቸው አስቀድሞ ጻፈ። አስተዳደሩ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው አይጻፍም ብሎ መለሰለት። እንዳለ መልሶ ላከው። እነሱ መለሱት፣ እሱ ላከው፤ በመጨረሻ የሰለቸው አስተዳደሩ ነው።

ልጆቹ በየፊናቸው ሄዱ። አለቂት ሕመሟ ቀለል ብሎላት ትምህርት ቤት ገባች፤ የለምን ቤተሰብ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ጭምቱ ከሆስፒታል ሲወጣ ያው እንዳመሉ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። በኋላ እናቱ ለቀጠሮ ካርድ ልታወጣ ስትመጣ «ዝምተኛው ልጅሽ እንዴት ነው?» ብላት ክው አለች። «ዝምተኛ? ኧረ አፉ አያርፍም! ጋሽ ብሎን እንዲህ አለኝ፣ ለጋሽ ብሎን እንዲህ አልኩት፣ ሲለኝ ነው የሚውለው።» አንዲት ቃል እንዳላለው ልነግራት አልኩና ተውኩት።

እኔ ሥራ ቀይሬ ከዚያ ሆስፒታል የለቀቅሁት ረቡዕ ቀን ነው። ልሰናበተው ጥገና ክፍሉ ብሄድ በሩ ተቆልፏል። ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ምንጣፉ ላይ አምስት አዳዲስ ልጆች ከብበውት፣ የሕፃናት ሚዛኑ ተፈታትቶ መሃል ላይ ተዘርግቷል። ሊቀበለኝ ብሎ መነሳት ፈለገ፤ ጉልበቱ እንቢ አለው። ሁለቱ እጁን ይዘው ይጎትታሉ፣ አንዷ ከኋላ ወገቡን ትገፋለች፣ ሌላው አልጋ ላይ ቆሞ «አንድ፣ ሁለት!» ይላል። ጋሽ ብሎን ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ተቀምጦ ይስቃል።

«ልጄ፣ እኔ የምነሳ አልመሰለኝም፤ ብትቀመጪ ይሻላል» አለኝ።

ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጆቹም ጊዜ አላጠፉም፤ ሚዛኑ ለምን ቂጥ እንደሚያቀዘቅዝና ምን ቢደረግለት እንደሚሻል ሊያስረዱኝ ጀመሩ።